የጉበት ቀለም ምርመራ፦ የተጎዳ ጉበት ቀለሙን ለምን ቶሎ አይለቅምም?

በደም ሥር ስለሚሰጠው አረንጓዴ የምርመራ ቀለምና ስለ ጉበት ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ እንጀምር።

ይሄ ቀለም ምንድን ነው?

ስሙ ኢንዶሳያኒን ግሪን ነው። ሐኪሞች በአጭሩ «አይሲጂ» ይሉታል። በትንሽ ብልቃጥ የሚመጣ ጥቁር አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ በመርፌ ውሃ ይበጠበጥና በደም ሥር ይሰጣል። ለጉበት ምርመራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በአንድ ኪሎ ክብደት 0.5 ሚሊግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 35 ሚሊግራም ማለት ነው። አንድ ቁንጥር ጨው እንኳ ከዚህ ይበዛል።

አመጣጡ ከሕክምና ጋር አይገናኝም። ኮዳክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፎቶግራፍ ሥራ ያዘጋጀው ቀለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ በሰው ላይ ተሞከረ፤ በ1959 ደግሞ በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። መጀመሪያ የተፈለገው ልብ በደቂቃ ስንት ደም እንደምትረጭ ለመለካት ነበር። ቀለሙ ግን ከደም ውስጥ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። የት ነው የሚሄደው ሲባል መልሱ ጉበት ሆኖ ተገኘ።

«ሰውነት ቀለሙን ይመጥጠዋል» ሲባል ምን ማለት ነው?

«መምጠጥ» የሚለው ቃል ትንሽ ያሳስታል። ስፖንጅ ውሃ እንደሚመጥጠው ዓይነት ነገር አይደለም፤ እኔ «መልቀም» የሚለውን እመርጣለሁ። ቀለሙ ደም ውስጥ እንደገባ ከአልቡሚንና ከሌሎች የደም ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። ነጻ ሆኖ የሚቀረው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከደም ሥር ወጥቶ ወደ ሥጋ አይሰርግም፤ ኩላሊትም አጣርቶ በሽንት ሊያስወጣው አይችልም። የጉበት ሴሎች ግን ከደም በሚዋሰኑበት በኩል በር የሚሆኑ ፕሮቲኖች አሏቸው። ቀለሙን ከአልቡሚኑ ላይ ለቅመው ወደ ውስጥ የሚያስገቡት እነሱ ናቸው።

ከገባ በኋላ ጉበት አይፈጨውም፣ አይቀይረውም። እንደገባ በጓሮ በር ወደ ሐሞት ያስወጣዋል። ከሐሞት ጋር አንጀት ይደርሳል፤ ተመልሶ ወደ ደም አይገባም፣ በዐይነ ምድር ይወገዳል። የቀለሙ ትልቅ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። መውጫው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከደም የሚጠፋበት ፍጥነት የጉበትን ሥራ ይናገራል። ጤነኛ ሰው ላይ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ባለው ጊዜ ግማሹ ጠፍቷል።

ምርመራው እንዴት ነው የሚደረገው? ያማል?

የሚያመው መርፌው ብቻ ነው። በባዶ ሆድ እንዲመጡ ይነገርዎታል፤ ምክንያቱም ምግብ ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም ይጨምራል፣ ውጤቱም ይዛባል። ጋደም ይላሉ። ጣትዎ ላይ ኦክስጅን እንደሚለካው ዓይነት መቆንጠጫ ይደረጋል። ነርሷ ቀለሙን በአንድ ትንፋሽ ትወጋና ወዲያው በጨው ውሃ ታጥበዋለች። መቆንጠጫው በጣትዎ ውስጥ ብርሃን ያሳልፋል፤ ቀለሙ በተለይ ወደ 800 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ ዐይናችን የማያየውን ብርሃን ይውጣል። ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሽቅብ ዘሎ ይወጣና ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። ምርመራው ያ ቁልቁለት ነው። ጤነኛ ሰው ላይ እንደ ገደል ይወርዳል፤ ጉበቱ በተጎዳ ሰው ላይ እንደ ሜዳ ይንፏቀቃል።

መቆንጠጫው በሌለበት ደግሞ በየተወሰነ ደቂቃው ደም እየተቀዳ ላብራቶሪ ይለካል። አድካሚ ነው፣ ግን ይሠራል።

ቆዳዬ አረንጓዴ ይሆናል? ሽንቴስ?

አይሆንም። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ከደም ሥርም አይወጣም። በሽንትም አይወጣም። ሐሞት ራሱ በተፈጥሮው አረንጓዴ ነገር ስላለው እዚያ ሲደርስ ተመሳስሎ ያልፋል።

ጉበት ሲጎዳ ቀለሙ ለምን ይዘገያል?

ሁሉም ሰው የሚያስበው «ሴሎቹ ስለሞቱ» ብሎ ነው። ያ አንዱ ምክንያት ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም። ቀለሙ ሦስት ነገር ማለፍ አለበት፦ ወደ ጉበት የሚያደርሰው የደም መንገድ፣ ወደ ሴሉ የሚያስገባው የፊት በርና ወደ ሐሞት የሚያስወጣው የጓሮ በር። አንዱ ሲበላሽ ቀለሙ ደም ውስጥ ይከርማል።

ከመንገዱ እንጀምር። ጉበት በደቂቃ ወደ 1.5 ሊትር ደም ያገኛል፤ ሦስት አራተኛው የሚመጣው ከአንጀትና ከጣፊያ ደም በሚሰበስበው ፖርታል በሚባለው ደም መላሽ ሥር ነው። ጤነኛ ጉበት ከሚደርሰው ቀለም አብዛኛውን በአንድ ዙር ይለቅመዋል። ሲሮሲስ ሲመጣ ጉበቱ በጠባሳ ይጠነክራል፤ ደሙ መግባት ያቅተዋል። ደም ደግሞ ውሃ ማለት ነው፣ ሲዘጉበት ሌላ ቦይ ይፈልጋል። በጉሮሮ ቧንቧና በጨጓራ ዙሪያ አዳዲስ መንገዶች ያበጃል፤ ጉበትን ሳይነካ በጎን አልፎ ወደ ልብ ይሄዳል። በዚያ በኩል ያለፈ ቀለም ያልተለቀመ ቀለም ነው። ሴሎቹ ደህና ቢሆኑ እንኳ ያልደረሳቸውን አይለቅሙም።

ወደ ፊት በሩ ስንመጣ ነገሩ ረቀቅ ይላል። በጤነኛ ጉበት ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ቦዮች ግድግዳቸው እንደ ወንፊት ቀዳዳ አለው፤ ቀለሙን የተሸከመው አልቡሚን በቀዳዳው ሾልኮ ሴሉን ይነካል። ጉዳቱ ሲቆይ ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፣ ከወንፊቱ ጀርባም ጠባሳ ይነጠፋል። ሴሉ አለ፣ ቀለሙም አለ፤ መሐላቸው ግን ተዘግቷል። በዚያ ላይ በተቆጣ ጉበት ውስጥ ሴሎቹ በር የሚሆኑትን ፕሮቲኖች ራሳቸው ይቀንሷቸዋል። የጓሮ በሩ ደግሞ የሐሞት ቱቦ በጠጠር ወይም በዕጢ ሲዘጋ ይጨናነቃል። በደም ውስጥ የተጠራቀመው ቢሊሩቢን የሚባለው ቢጫ ነገርም በዚያው የፊት በር ለመግባት ከቀለሙ ጋር ይጋፋል። ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ላይ የቀለሙ ቁጥር የሚበላሸው ለዚህም ጭምር ነው።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ቁጥሮች ምን ይላሉ?

ብዙ ጊዜ ሁለት ቁጥር ያገኛሉ። አንደኛው በየደቂቃው የሚጠፋው ድርሻ ነው፤ ጤነኛ ሰው ላይ ከ18 ከመቶ በላይ ነው። ሁለተኛው ከ15 ደቂቃ በኋላ ደም ውስጥ የቀረው ነው፤ ከ10 ከመቶ በታች ከሆነ ጥሩ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው፦ የመጀመሪያው ቢበዛ ደስ ይላል፣ ሁለተኛው ቢያንስ ደስ ይላል።

በምሳሌ እንየው። የአንዱ ሰው ፍጥነት በደቂቃ 18 ከመቶ ነው እንበል። በ5ኛው ደቂቃ 41 ከመቶ ያህል ቀርቷል፣ በ10ኛው 17፣ በ15ኛው 7 ገደማ። ሌላው ሰው በደቂቃ 8 ከመቶ ብቻ ነው። በ5ኛው ደቂቃ 67 ከመቶ ቀርቷል፣ በ10ኛው 45፣ በ15ኛው 30። የመጀመሪያው ሰው ደም ከቀለሙ ሊጠራ ሲቃረብ የሁለተኛው ገና ሲሶውን እንደያዘ ነው።

የጉበት ኢንዛይሞቼ ደህና ናቸው ተብያለሁ። ታዲያ ይሄ ለምን አስፈለገ?

ኤኤልቲና ኤኤስቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች የሚናገሩት ሌላ ነገር ነው። ሴል ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሱ ናቸው፤ ስለዚህ «አሁን እየተጎዳ ነው ወይ?» ለሚለው ይመልሳሉ። «የቀረው ጉበት ምን ያህል ይሠራል?» ለሚለው አይመልሱም። ሲሮሲሱ የገፋ ሰው ኢንዛይሙ ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የሚያፈስ ሴል ብዙ ስላልቀረ ነው። ይሄን ሳያውቁ «ነጻ ነህ ተባልኩ» ብለው የሚዘናጉ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

አልቡሚንን የሚሠራው ጉበት ስለሆነ የጉበትን ሥራ ይለካል፣ ግን ዘገምተኛ ነው። አንዴ የተሠራ አልቡሚን ደም ውስጥ ሳምንታት ይቆያል፤ ጉበት ዛሬ ቢደክም አልቡሚኑ የሚወርደው ቆይቶ ነው። ቀለሙ ግን የዛሬውን ይናገራል። በጽኑ ሕሙማን ክፍልና ጉበት ከተቀየረ በኋላ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ከጉበት ቀዶ ጥገና በፊት ለምን ያደርጉታል?

ሐኪሙን የሚያስጨንቀው የሚቆርጠው ሳይሆን የሚተወው ነው። ዕጢውን ለማውጣት ጉበቱን ገምሶ ቢወስድ፣ ቀሪው ሰውየውን ያኖራል ወይ? በዚህ ላይ ጃፓኖች ቀዳሚ ናቸው። ማሳቶሺ ማኩቺ የተባሉት የቀዶ ጥገና ሐኪም ያወጡት መለኪያ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ሆድ ውስጥ ውሃ አለ ወይ? ቢሊሩቢን ስንት ነው? ከ15 ደቂቃ በኋላ የቀረው ቀለምስ? የቀረው ከ10 ከመቶ በታች ከሆነ ሰፊ ቆረጣ ይቻላል። ከ10 እስከ 19 ሲሆን ይጠባል፤ ከ20 እስከ 29 ወደ አንድ ክፍል ብቻ ይወርዳል። 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ዕጢውን ራሱን ፈልፍሎ ከማውጣት ያለፈ አይደፈርም።

አንድ ጉድለት ግን አለበት። ቁጥሩ የጠቅላላው ጉበት ነው፤ ቀኙና ግራው እኩል ነው ብሎ ያስባል። የቀኙ የሐሞት ቱቦ ተዘግቶ ግራው ለሁለት እየሠራ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ የትኛው ወገን እንደሚወጣ ሳይታይ ቁጥሩን ብቻ ማመን ያስታል። ስለዚህ የቀሪው ጉበት መጠን በሲቲ ስካን አብሮ ይለካል።

ድሮ የሚሰጠው ሌላ ቀለም ነበር ሲባል ሰምቻለሁ።

ትክክል ነው። ብሮምሰልፋሊን ይባል ነበር። ሮዘንታልና ዋይት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1920ዎቹ አጋማሽ አስተዋወቁት፤ ለአሥርተ ዓመታትም ዋናው የጉበት ሥራ መለኪያ ሆኖ ቆየ። በኪሎ 5 ሚሊግራም ይሰጥና ከ45 ደቂቃ በኋላ ደም ይቀዳል፤ ከ5 ከመቶ በላይ ከቀረ ጉበቱ ተጠርጣሪ ነው። ችግሩ ከደም ሥር ካመለጠ ሥጋውን ያቃጥላል። አልፎ አልፎም ለሞት ያደረሰ የአለርጂ ድንጋጤ አስከትሏል። ቀስ በቀስ ተተወ።

ጉበቴ ጤነኛ ሆኖ ቁጥሩ መጥፎ ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ልብ ከደከመ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም ያንሳል፤ ቀለሙ የሚዘገየው በልቡ ምክንያት ነው። ለደም ግፊትና ለሲሮሲስ የሚሰጠው ፕሮፕራኖሎልም ወደ ጉበት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን ደግሞ የፊት በሩን ፕሮቲኖች ያግዳል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ ሲባል ለወጉ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመው ግን በተፈጥሮ በሩ የሌላቸው ሰዎች መኖራቸው ነው። ጉበታቸው ምንም አልሆነም፣ ሌላው ምርመራ ሁሉ ደህና ነው፣ ቀለሙን ግን አይለቅሙም። ከ15 ደቂቃ በኋላ አብዛኛው ቀለም ደማቸው ውስጥ ይገኛል። በተለይ ጃፓን ውስጥ በደንብ ይታወቃል። የዘር ጉዳይ ነው፤ ቀለሙን የሚያስገባው ፕሮቲን ሳይሠራ ይቀራል። ሮቶር የሚባለው የዘር ሁኔታም ይመስለዋል፤ እዚያ ላይ ግን ቢሊሩቢንም ስለማይለቀም ዐይን ቢጫ ይሆናል። እንግዲህ ቁጥሩ በጣም ከፍቶ ሌላው ነገር ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ተስፋ ከመቁረጥ በፊት ይሄን የሚያስብ ሐኪም ያስፈልጋል።

ቲፕስ የተደረገላቸው ሰዎችም ይደናገጣሉ። ቲፕስ በጉበት ውስጥ የሚገባ ቱቦ ነው፤ በፖርታል ደም ሥር ውስጥ ያለውን ግፊት ለማስታገስ ደሙን በአቋራጭ ያሳልፋል። ደም መትፋቱ ይቆማል፣ በሽተኛው ይሻለዋል፣ የቀለሙ ቁጥር ግን ይብሳል። አቋራጩ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው።

የኤምአርአይና የሲቲ ስካን ኮንትራስትስ እንዲሁ ነው?

የሲቲ ስካኑ አይደለም። የተለመደው አዮዲን ያለው ኮንትራስት (ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ የሚሰጠው ፈሳሽ) የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ጉበት መጎዳቱ ብዙም አይቀይረውም፤ የሚጠየቀው ኩላሊት ነው።

ኤምአርአይ ላይ ግን ጋዶክሴቴት የሚባል ለጉበት ተብሎ የተሠራ ኮንትራስት አለ። ጤነኛ ሰው ላይ ግማሽ ያህሉን የጉበት ሴሎች ይለቅሙታል፣ ግማሹ በኩላሊት ይወጣል። ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ጉበቱ በምስሉ ላይ ነጣ ብሎ ይበራል፣ በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች ጥቁር ሆነው ይታያሉ። ጉበቱ በጣም ከተጎዳ ሥዕሉ ይገለበጣል፦ ጉበቱ ደብዝዞ ይቀራል፣ የደም ሥሮቹ ገና ያበራሉ። ሪፖርቱ ላይ «ኮንትራስቱን በቂ አልያዘም» የሚል ነገር ካዩ ይሄ ነው፤ ምርመራው ተበላሽቷል ማለት ሁልጊዜ አይደለም። ጉበት ያልለቀመውንም ኩላሊት ይረከባል። አይሲጂ ላይ ይህን የሚያደርግ ተረካቢ የለም፤ ደም ውስጥ ሆኖ የጉበቱን ተራ ይጠብቃል።

ጉበቱ ለተጎዳ ሰው ቀለሙ ራሱ ጉዳት አለው?

መዘግየቱ ብቻውን አይጎዳም። የሚፈራው አለርጂ ነው፤ ብዙም አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ከባድ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ በውስጡ ትንሽ ሶዲየም አዮዳይድ አለው፤ ስለዚህ ለአዮዲን አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። ነፍሰ ጡሮችም እንዲሁ። የእንቅርት ዕጢ ምርመራ በጨረራዊ አዮዲን ሊያደርጉ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይጠብቁ፣ ያ ውጤት ይዛባል።

ጉበቴ ካገገመ ቁጥሩ ይመለሳል?

እንደ ጉዳቱ ዓይነት ነው። ድንገተኛ የጉበት ብግነት ሲድን በሮቹ ይከፈታሉ፤ ቁጥሩም ይመለሳል። የሐሞት ቱቦ ሲከፈትም እንዲሁ። ጠባሳ ግን ቶሎ አይለቅም። መጠጥ ሲተው ወይም የሄፓታይተስ ቫይረስ ሲታከም ጠባሳው በዓመታት ቀስ እያለ ሊሳሳ ይችላል፤ ከጉበት ውጭ የተበጁት አቋራጮች ግን እንደተከፈቱ ሊቆዩ ይችላሉ። ያኔ ሰውየው ተሽሎት ቁጥሩ ወደኋላ ይጎተታል።

ጉበት ቀለሙን የሚለቅመው ጤነኛ ሲሆን ከሆነ፣ የጉበት ካንሰር ራሱ ለምን ያበራል?

ይህን የሚጠይቅ ሰው ነገሩ ገብቶታል። በቀዶ ጥገና ጊዜ ልዩ ካሜራ ቀለሙን ሲያበራው፣ ከቀናት በፊት ቀለሙ የተሰጠው በሽተኛ ላይ ዕጢው እንደ ፋኖስ በርቶ ይታያል። ከጉበት ሴል የተነሣ ካንሰር፣ በተለይ መልኩ ከእናት ሴሉ ብዙ ካልራቀ፣ የፊት በሩን እንደያዘ ይቀራል። ቀለሙን ይለቅማል። የጓሮ በሩ ግን ከሐሞት ቱቦ ጋር አልተገናኘም። ዙሪያው ያለው ጉበት ቀለሙን አስወጥቶ ሲጨርስ ዕጢው እንደያዘ ነው። ከአንጀት ተነሥቶ ጉበት ላይ ያረፈ ካንሰር ግን ቀለሙን አይለቅምም፤ የተጫነው የጉበት ጠርዝ ማስወጣት ስለሚያቅተው ዕጢው ጨልሞ ዙሪያው ብቻ እንደ ቀለበት ያበራል።

ጉበቱ ሲሮሲስ ካለበት ደግሞ ይሄ ብልሃት ይደናቀፋል። ዙሪያው ያለው ጉበት ራሱ ቀለሙን ማስወጣት ስላቃተው እሱም ያበራል፣ ዕጢው ከመሐሉ አይለይም። ካንሰር ያልሆኑ እብጠቶችም አብረው ያበራሉ። ለዚህ ነው ቀለሙን ቀደም ብለው የሚሰጡት፤ የደከመው ጉበት እስኪያስወጣው ድረስ ተጨማሪ ቀናት እንዲያገኝ።